ሽብሽብ፣ ቆርቆሮ፣ ዘንፋላ

የካቲት 3

ዛሬም እንደወትሮው። አንድ ሰዓት ላይ ትኬት ቤቱን ከፈትኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ፣ ወንበሬ ላይ ትራሴን አመቻቸሁ። ስልሳ ሰው፣ ስልሳ ትኬት፣ ስልሳ "እንደምን አደርሽ"። አዲሱ ጫማዬ ትንሿን ጣቴን እየበላት ነው... ነገ ወደ ጫማ ሰፊው።

ወንድሜ ጀልባዋን ሊያስነሳ ሲሄድ አንገቱን በመስኮቴ አስገብቶ "ሬዲዮ! የዛሬው ዜና ምንድነው?" አለኝ። ካፒቴን ከሆነ ወዲህ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ታላቅ እህቱ ነኝ እኮ! አርባ ሰባት ዓመት የሞላኝ፣ ሁለት ልጅ የዳርኩ ሴት ነኝ። "ዜናውማ ፂምህን ሳትላጭ መምጣትህ ነው" አልኩት። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ግን እውነተኛ ዜና መጣ። ጋሽ ዝምታ ሥራ ሊያቆሙ ነው። የውሃ ተመልካቻችን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወደ ውሃው እስከሚገባው የድንጋይ ግንብ ጫፍ ድረስ ሄደው ሐይቁን ያያሉ፣ ይመለሳሉ፣ መዝገብ ላይ አንድ ቃል ይጽፋሉ። ወንድሜ ያቺን ቃል ሳያነብ ገመድ አይፈታም። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ገና ልጅ ነው፣ ትሑት ነው። "እትዬ፣ ሌላ ሰው እስክንቀጥር ድረስ ጠዋት ጠዋት እርስዎ ቢይዙልን? አንድ ቃል መጻፍ ብቻ ነው።"

አንድ ቃል? እኔ? በአንድ ቃል የጨረስኩት ነገር ኖሮ ያውቃል?

የካቲት 4

መዝገቦቹን አየሁ። መዝገብ ይባላሉ እንጂ የተማሪ ደብተሮች ናቸው፣ በሲባጎ የታሰሩ። ጀልባዋ ከወጣች በኋላ አንዱን ገለጥኩ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን... ምሳዬን ረሳሁ። እኔ ምሳ ረሳሁ!

በየመስመሩ ቀን፣ አንድ ቃል፣ ከዚያ "ወጣች" ወይም "አልወጣችም"። በቃ። ቃሎቹ ግን... መስታወት። ሽብሽብ። ቆርቆሮ። ቆርቆሮ። ሽንሽን። ሽበት። ሽብሽብ።

መጀመሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የዕቃ ዝርዝር መሰለኝ። ቆርቆሮ የገዛ፣ ለሚስቱ ሽንሽን ቀሚስ ያሰፋ፣ በመሐል የሸበተ... ብቻዬን ስስቅ ሻይ ሻጯ መጥታ "ደህና ነሽ?" አለችኝ።

ኋላ ገባኝ። ውሃው ነው ለካ! ለእኔ ትልቁ ማዕበል፣ ትንሹ ሞገድ፣ አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሬ ሥር ሲንቦጫረቅ አንድ ቀን እንኳ "አንተ ደግሞ የትኛው ነህ?" ብዬው አላውቅም። እኚህ ሰው ግን እንደ ልጆቻቸው ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል።

የካቲት 6

የመጀመሪያው ትምህርት። ገና ሳይነጋጋ ግንቡ ላይ ደረስኩ።

"ደህና አደሩ ጋሽዬ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ እንዴት አደረ፣ እኔማ በዚህ ጫማ..."

"ዝም በይ ልጄ።"

ትምህርቱ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ግንቡ ውሃው ውስጥ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ይገባል። በስተውስጥ ጀልባዋ የምትቆምበት ውሃ ሁልጊዜ እንደ ገንዳ ነው። ጋሽ ዝምታ እሱን አያዩትም፤ ዞር ብለውም አያዩትም። ጫፉ ላይ ይቆሙና ከሐይቁ በኩል የተተከለውን የብረት ምሰሶ ያያሉ። ምሰሶው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ መስመር አለ። ውሃው ከመስመሩ ምን ያህል ወጣ፣ ምን ያህል ወረደ... ከአንዱ እስከ ቀጣዩ ስንት ይቆጠራል... አናቱ ሹል ነው፣ ድብልብል ነው፣ ነጭ አለው የለውም... ሠላሳ ጊዜ ሲመጣና ሲሄድ ቆጥረው ነው ቃል የሚያወጡት።

"እኔ አሁን የማየው ጥላውን ነው" አሉኝ። "አንቺ እይና ንገሪኝ።"

"ሞገድ አለ" አልኳቸው።

"ሰው ሁሉ ፊት አለው። የማን ፊት ነው?"

ምን ልበል! ቆሜ አየሁ። ጸሐይዋ ወጣች። ውሃው ቆዳው ብቻ የተነካ ይመስላል... ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ላይ የሚሰፍፈው ስስ ነገር በማንኪያ ሲነካ እንደሚሸበሸበው። ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። ጋሽ ዝምታ ጥርስ እንዳላቸው ዛሬ አወቅኩ።

"ሽብሽብ" አሉ። "ነፋሱ በመዳፉ ዳሰሰው እንጂ አልያዘውም። ትወጣለች።"

የካቲት 7

ሽብሽብ። ራሴ ነኝ ያልኩት! ትክክል ነበርኩ!

የካቲት 12

አሁን ቤቴ ሁሉ ውሃ ሆኗል። የመጋረጃው ግርጌ ሽንሽን። የባለቤቴ ግንባር ሽብሽብ፤ ስነግረው "የማን ሥራ ነው?" አለኝ። የጎረቤታችን ጣራ... ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ ነው።

እኩል እኩል፣ ጥብቅ ጥብቅ ብሎ የተደረደረ፣ አጭርና ደረቅ ሞገድ ሲሆን ነው ቆርቆሮ የሚባለው። "አንድ" ብለሽ ሳትጨርሺ ሁለተኛው ይደርሳል። ጀልባዋን ጥርስ በጥርስ ያንገጫግጫታል እንጂ አይጎዳትም። ሽንሽን ግን ሌላ ነው፤ እንደ ቀሚሱ እጥፋቱ ጥልቅ ነው፣ ከሥር ሰፋ ይላል፣ ሁለት ሦስት ያስቆጥራል። ያኔ ግማሽ ሰው ብቻ ይጫናል። ሽበት ሲጥል፣ ማለትም ነጭ አናት እዚህም እዚያም ብቅ ሲል፣ ነጮቹን ትቆጥሪያለሽ። ተቆጥረው ካለቁ ትወጣለች። ቁጥሩ ከጠፋሽ አትወጣም።

ደብተሩ ውስጥ "ጥቅልል" የሚለውን ቃል ባለቤቴ አስረዳኝ እንጂ አልገባኝም ነበር። አናጢ ነው። መላጊያውን አንዴ ሳብ ሲያደርገው እንጨቱ እየተጠቀለለ ወጣ፣ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ወደቀ። "ይኸው" አለኝ። ሞገዱ በራሱ ላይ ሲታጠፍ ማለት ነው። አንዱን ጥቅልል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄጄ ለጋሽ ዝምታ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት... ዳሰሱት... ኪሳቸው ከተቱት።

ማዕበልስ? ብዬ ብጠይቃቸው "እሱንማ ማንም ይጽፈዋል" አሉ።

የካቲት 18

ሴቷ ልጄ ደወለች። ማዶ ነው ያገባችው፣ በጀልባ ሦስት ሰዓት። ሆዷ ገፍቷል፣ ሐኪሙ በመጋቢት አጋማሽ ብሏታል። "እማ፣ በወለድኩ በነጋታው እዚህ ካልተገኘሽ ውርድ ከራሴ!" አለች። በዋና እመጣለሁ አልኳት።

ደብተሮቹ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። "ሌላ" የሚል። በሠላሳ አንድ ዓመት ሰባት ጊዜ። ሌላ ምን? ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ (እየተማርኩ ነው)። ግማሽ መንገድ ከተመለስን በኋላ፦

"ስም ያላገኘሁለት ነው። ያልሆነ ስም ከምሰጠው ሌላ ብዬ ጻፍኩት።"

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ብሆን የመጣልኝን ጽፌ፣ ሻዬን ጠጥቼ...

የካቲት 23

ዛሬ ዘንፋላን ነገሩኝ። ውሃው ላይ አልነበረም፤ በቃል ብቻ ነው የነገሩኝ። እንደ ረጅም ለስላሳ ጸጉር፣ ወገብ ላይ እንደሚደርስ። አረፋ የለው፣ ሹል አናት የለው፣ ድምፅ የለው። ነፋስ ሳይኖር ይመጣል። ከአንዱ እስከ ቀጣዩ አምስት ስድስት ትቆጥሪያለሽ።

"አቤት ማማሩ!" አልኩ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ያህል አወሩ። ከሩቅ ነው የሚመጣው አሉ። ከሐይቁ ወዲያኛው ጫፍ ትልቅ ነፋስ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ሞገዱ ከነፋሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ነፋሱ ከኋላው ይመጣል። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ውሃው እንዲያ ሲያምር አይተው "ረጋ ያለ" ብለው ጻፉ። ያኔ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነበራቸው። ጀልባዋ ወጣች። አራት ሰው አልተመለሰም።

"ከዚያ በኋላ ነው ቃል መፈለግ የጀመርኩት" አሉ።

እኔ ደግሞ ጨዋታ መስሎኝ! የመጋረጃ ግርጌ እያየሁ ስስቅ...

የካቲት 30

የመጨረሻ ቀናቸው። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ ወንድሜ የጀልባዋን ጡሩንባ ነፋላቸው። ጋሽ ዝምታ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። ጫፉን በምላጭ የቀረጹት፣ ጥርስ ያረፈበት። ደግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦

"ቃሉን ሳትጽፊ በፊት ለማንም እንዳትናገሪ። ለወንድምሽም፣ ለሥራ አስኪያጁም። ከተናገርሽ የሰው ፊት ቃልሽን ያስለውጥሻል።"

"እሺ ጋሽዬ።"

"እሺ ማለት ላንቺ ቀላል ነው" ብለው ሳቁ።

ዓይናቸው የማያይ ሰው እንዴት እንዲህ አጥርቶ ያየኛል?

መጋቢት 2

ብቻዬን። ቆርቆሮ። ወጣች። ጻፍኩ። ወንድሜ አነበበና እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እንደ ወታደር።

መጋቢት 5

መስታወት! ምሰሶው ሙሉ ለሙሉ ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ቆሟል፣ ቀዩ መስመር ሁለት ሆኗል። የራሴንም ፊት አየሁ። ጸጉሬን መሠራት አለብኝ።

መጋቢት 9

መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፋለሁ።

ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር። ሰልፉ ገና በጊዜ ረዝሟል፣ ማዶ ገበያ ነው። ወደ ግንቡ ስሄድ "እትዬ፣ ውሃው እንዴት ነው?" ሲሉኝ በመስኮቴ በኩል ያየሁት የውስጡን ውሃ ነበርና "ሽብሽብ ነው፣ እንደ ሐር! ተዘጋጁ!" አልኩ። ደስ አላቸው። አንዷማ ሳመችኝ፣ ብርድ ልብስ ነጋዴዋ።

ጫፉ ላይ ደረስኩ። ሽንሽን ነበር። ጥርት ያለ ሽንሽን፣ ሦስት የሚያስቆጥር፣ መስመሩን የሚያልፍ።

ቆሜ አየሁት። አውቄዋለሁ። ማወቄን አውቄዋለሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሬ ሰዎቹን አየሁ... ዕቃቸውን ጭነው ተሰልፈዋል። "ግማሻችሁ ተመለሱ" ልበል? አሁን ሐር ነው ብዬ? ምን ይሉኛል? ሬዲዮዋ ቀባጠረች ይላሉ። ደግሞም ይበርዳል፣ ደግሞም ይረጋ ይሆናል...

ሽብሽብ ብዬ ጻፍኩ።

ወንድሜ ስልሳውንም ጭኖ ወጣ። መሐል ላይ ሞገዱ በጎን መታቸው። ውሃ ገባ፣ ሰው ተንጋጋ፣ ብርድ ልብስ ነጋዴዋ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። የሳመችኝ! ሌላው ሁሉ ተርፏል። ወንድሜ ማታ ሲመለስ ልብሱ እላዩ ላይ ደርቆ ነበር። መስኮቴ ጋ መጣ። "ሬዲዮ" አላለኝም።

"እህቴ፣ ምንድነው ያየሽው?" አለኝ።

እህቴ ሲለኝ ከመሰደቤ የበለጠ አመመኝ።

መጋቢት 10

ጋሽ ዝምታ ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው፣ አንድም አልደበቅኩ። መጀመሪያ በመስኮት ማየቴን፣ መናገሬን፣ ኋላ አውቄ መጻፌን።

"ምን አየሽ?" አሉኝ።

"ሽንሽን።"

"እንግዲያው ዓይንሽ ደህና ነው። አፍሽን ነው የምታሳክሚው።"

አለቀስኩ፣ ሳቅኩም። ደብተሩን አምጪ አሉኝ። ቃሉን ልሰርዘው ብል ከለከሉኝ። ከጎኑ "ያየሁት ሽንሽን ነበር" ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። የእሳቸውም ደብተር ላይ፣ የዚያን የጥንቱን ቀን አውጪ አሉኝና ፈልጌ አነበብኩላቸው። "ረጋ ያለ። ወጣች።" ከጎኑ በትንንሽ ፊደል አራት ስም።

ከዚያ ወደ ነጋዴዋ ቤት ሄድኩ። ክንዷ በጀሶ ታስሯል። ይቅርታ ስላት "ሐር ያልሽው ሐር እንዲህ ነው?" አለችኝ። ልክ ናት።

መጋቢት 14

ሥራ አስኪያጁ ቅጽ አምጥቷል። የታተመ፣ ሦስት ሳጥን ያለው። ጥሩ። መካከለኛ። መጥፎ። "እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ነው እትዬ። ምልክት ማድረግ ብቻ። ቃል መፈለግ የለም፣ መሳሳት የለም።"

የተሳሳትኩት ቃሉን አጥቼ አይደለም ልለው ፈለግኩ። ግን በምን አፌ?

"ደብተሩንስ?" አልኩት።

"ከፈለጉ ለራስዎ ይጻፉ።"

ወንድሜ ቅጹን ገልብጦ ገልብጦ አየው። "ሽንሽንና ሽበት ሁለቱም መካከለኛ ናቸው?" አለ። "ለእኔ እኮ አንዱ ግማሽ ሰው ነው፣ አንዱ ቆጠራ ነው።"

ሁለቱንም እሞላለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ግንቡ ስሄድ አፌን በሻርፕ እሸፍናለሁ። ሰው ብርድ ይመስለዋል።

መጋቢት 19

ሴት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! እናትየው ደህና፣ አባትየው ራሱን ስቶ ነበር አሉ። አያት ሆንኩ! ሻይ ሻጯን አቅፌ አሽከረከርኳት። ባለቤቴ አልጋ ሠርቷል፣ ጎኑ ላይ ሞገድ ቀርጾበታል። "የትኛው ነው?" አለኝ። ሽብሽብ ነው አልኩት፣ ለሕፃን የሚሆነው እሱ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ቃሌን ጽፌ፣ እኔም ተሳፍሬ እሄዳለሁ። ጋሽ ዝምታ ደግሞ "ትኬት ቤቱን ባዶ ከምትተዪ እኔ ትኬቱን እቆርጣለሁ፣ መቁጠር ዓይን አይፈልግም" ብለዋል።

መጋቢት 21

ለጉዞ የለበስኩት ቀሚስ አሁንም እላዬ ላይ ነው። አልሄድኩም። ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ምን የመሰለ ጠዋት ነበር! ነፋስ የለም፣ ደመና የለም፣ ጸሐይዋ ወርቅ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ። አልጋው ተፈታትቶ ታስሯል፣ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ጸጉሬን ተሠርቻለሁ። "አያት!" እያሉ ያጨበጭባሉ። "እትዬ፣ ዛሬማ መስታወት ነው አይደል?" ሻርፔን ወደ ላይ ሳብኩ፣ አለፍኩ።

ጫፉ ላይ ቆምኩ። ምሰሶውን አየሁ። እውነትም ውሃው የሚያብረቀርቅ ለስላሳ... ከዚያ ቀዩ መስመር ቀስ ብሎ ጠፋ። ቀስ ብሎ ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጠፋ። ድምፅ የለም፣ አረፋ የለም። ሐይቁ ሁሉ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስላል።

እግዚኦ፣ እንዴት ያምራል! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አላየሁም።

ሠላሳውን ቆጠርኩ። ደግሜ ሠላሳ። ምናልባት ተሳስቼ? ምናልባት ትልቅ ጀልባ አልፎ? ልጄን አሰብኩ፣ ሕፃኗን አሰብኩ፣ የሰልፉን ሰው አሰብኩ። ወደ ኋላ ግን አልዞርኩም። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ዘንፋላ። አልወጣችም። ከዚያ ዞርኩ።

አትወጣም ስላቸው ሰው አበደብኝ። "በዚህ ቀን?" "ውሃው እኮ ተኝቷል!" አንዱ "ባለፈው ሲናወጥ ለቀቀችን፣ ዛሬ ሲያምር ከለከለችን!" አለ። ይሄኛው ገባኝ፣ እስከ አጥንቴ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ፣ ቅጹን ይዞ።

"እትዬ፣ ነፋስ አለ?"

"የለም።"

"አረፋ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው በቅጹ መሠረት ጥሩ ነው።"

"በቅጹ መሠረት ጥሩ ነው" አልኩ። "ያየሁት ግን ዘንፋላ ነው።" ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እኔ! አንድ ቃል ተናግሬ ዝም አልኩ። ከዚያ በላይ ብናገር የማለቅስ መስሎኝ ነበር።

ሁሉም ወንድሜን አየው። ወንድሜ ደብተሩን ተቀበለኝ፣ አነበበ። ወደ ጀልባዋ ሄደ። የሚፈታት መስሏቸው ዕቃቸውን ማንሣት ጀመሩ። እሱ ግን ሁለተኛ ገመድ አምጥቶ ደግሞ አሰራት።

"እኔ የማነበው ይቺን ነው" አለ።

ጋሽ ዝምታ ከትኬት ቤቱ ወጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔን ደግፈው ሊናገሩ ይችሉ ነበር፣ ሰውም ይሰማቸው ነበር። አልተናገሩም። መጀመሪያ ቅር አለኝ። አሁን ግን... ቃሉ የእኔ እንዲሆን ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ አብዛኛው ሰው እየረገመኝ ወደ ቤቱ ሄደ። ጸሐይዋ እንዳማረች ናት። ሦስት ተኩል... ምንም። ተሳስቼስ ከሆነ? ሥራ አስኪያጁ አልሄደም፣ ግንቡ ላይ አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ክፉ ልጅ አይደለም።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ከወዲያኛው ጫፍ ውሃው ጠቆረ። ልክ አንድ ሰው ምንጣፍ እየዘረጋ እንደሚመጣ። ከዚያ ሽበቱ፣ ቁጥር የሌለው። ከዚያ ጥቅልል በጥቅልል ላይ። የትኬት ቤቱ ምልክት ተነቅሎ በረረ። ምሰሶው ጠፋ፣ ቀዩ መስመር ብቻ ሳይሆን ምሰሶው! በዚያ ሰዓት ጀልባዋ ገና መንገድ ላይ ትሆን ነበር። ስልሳ ሰው። እኔም። አልጋውም።

ያየነው አምስት ሰው ነን። የረገሙኝ ቤታቸው ነበሩ።

ሥራ አስኪያጁ በስስት ዓይን ደብተሩን አየው። "ዘንፋላ" ብሎ በቀስታ አነበበ፣ ፊደል እንደሚማር ልጅ። "የቀድሞዎቹ መዝገቦች... የት ነው የተቀመጡት?"

"በሲባጎ ታስረው ጥግ ላይ" አልኩት።

መጋቢት 22

ማዕበል። አልወጣችም። ይሄንንማ ማንም ይጽፈዋል።

መጋቢት 24

ቆርቆሮ። ወጣች። እኔም ወጣሁ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ እየሳቅኩ። ሕፃኗ ግንባሯን ስትቋጥር ሽብሽብ ትሆናለች። አቅፌያት ሳልናገር ቆየሁ። ልጄ "እማ፣ አሞሻል እንዴ?" አለችኝ።

መጋቢት 29

ተመልሻለሁ። በሌለሁበት ወንድሜ ያየውን እየነገራቸው ቃሉን ያወጡት ጋሽ ዝምታ ነበሩ። ብርድ ልብስ ነጋዴዋ ክንዷን እንደታሰረች መስኮቴ ጋ መጣች። ትኬት ቆርጬ ሰጠኋት። "የዛሬውስ ምንድነው?" አለች። ሻርፔን ገለጥ አድርጌ "ደብተሩ ላይ ነው" አልኳት። ሄዳ አነበበችው። ከዚያ ተሳፈረች። በቃኝ፣ ከዚህ በላይ አልፈልግም።

ቅጾቹ ቀርተዋል። መስኮት ለመወልወል ይመቻሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰው መቅጠሩን ትቶታል፤ የጥንቶቹን ደብተሮች ደግሞ ቁልፍ ያለው ሣጥን አሠራላቸው። ባለቤቴ ነው የሠራው።

ሚያዝያ 2

ጠዋት ጋሽ ዝምታን ይዤያቸው ሄድኩ። ክንዴን ይዘው፣ ሁለት መቶውን እርምጃ እየቆጠሩ። ሁለታችንም አላወራንም። ወንድሜ ከጀልባዋ ላይ "ሬዲዮው ተበላሸ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። እጄን አውለበለብኩለት።

ጫፉ ላይ ቆምን። ዛሬ ሁለት ነፋስ ነበር፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ። ሞገዶቹ ተገናኝተው አልተጣሉም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል። ትንንሽ ዓይኖች፣ እኩል እኩል፣ ሐይቁን ሙሉ። በየዓይኑ ውስጥ ጸሐይ ተቀምጣለች። ሽብሽብ ነው? አይደለም። ቆርቆሮም አይደለም፣ ቆርቆሮ ወደ አንድ ወገን ነው።

ሠላሳ ቆጠርኩ።

"ምን አየሽ?" አሉኝ።

"የማላውቀው ነው ጋሽዬ። ሌላ ልጽፍ ነው።"

"ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። አንዱ በሌላው ማለፉን፣ ዓይኖቹን፣ ብርሃኑ ሲጣራ... ስናገር ቃሉ ራሱ መጣ። "ወንፊት ይመስላል" አልኩ።

ያ የጨለመ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር።

"ወንፊት" አሉ። ደግመው፣ "ወንፊት። ሰባት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ሊመጣ ሲል የሚመለስብኝ... ወንፊት ነው ለካ!"

እንደ ልጅ ነበር የሳቁት። እኔማ ደስታዬ የምሆነውን አሳጣኝ። እኚያ ሰው! ቃል ሰጥተውኝ የኖሩት ሰው ከእኔ ቃል ተቀበሉ!

"የጥንቶቹን ላስተካክላቸው? ሰባቱን ‘ሌላ’ ወንፊት ላድርጋቸው?" አልኳቸው።

"አትንኪያቸው። ያኔ አላወቅኩም ነበር፤ አለማወቄም ይቀመጥ። አንቺ ከዛሬ ጀምረሽ ጻፊ።"

ጥርስ ያረፈበትን እርሳስ አወጣሁ። ሰልፉ ከሩቅ ያየናል፣ ወንድሜ ገመዱን ይዞ ይጠብቃል። ማንም ምንም ሳይሰማ ጻፍኩ፦

ሚያዝያ 2። ወንፊት። ወጣች።